የዐንበር መዓዛና የጭስ ጠረን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ ሳምንት አንድ የሰቆጣ ወጣት የሽቶ ፎቶ ላከልኝ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሏል፦ «ኡስታዝ፣ ይህን ለጁሙዓ ልገዛው ነው። ሻጩ ‹ይህን የሚቀባ ሰው የተረጋጋ፣ ሞገስ ያለው፣ ሰው የሚያምነው ነው› አለኝ። እውነት ሽቶ የሰውን ጠባይ ይናገራል?»

ፎቶውን ሳይ ፈገግ አልኩ። ወዲያው ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ሽቶውን አውቀዋለሁ። እኔም ነበረኝ። በዚያው ሽቶ ምክንያት አላህ ይቅር እንዲለኝ እስከ ዛሬ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ስለዚህ ለወንድሜ በውስጥ መስመር ከምመልስለት፣ ለሁላችንም ይጠቅመን ይሆናል ብዬ እዚህ ልጽፈው አሰብኩ።

መጀመሪያ ስለ ሽቶው።

ይህ ዓይነቱ የዐንበር ሽቶ ሲረጩት ብዙም አይናገርም። ቀለል ያለ ነገር ሸተት ብሎ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ግን ከቆዳ ሙቀት ጋር ቀስ እያለ ይወጣል። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ እንጨት እንጨት የሚል መዓዛ ነው። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ከፍታችሁ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ወይም ሰው ቡና ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ ዕጣኑ በጋቢው ላይ የሚተወውን? እንደዚያ ነው። ሽቶ ቀማሚዎች ሦስት ደረጃ አለው ይላሉ፤ መጀመሪያ የሚሸትና ቶሎ የሚበን፣ መካከል ላይ የሚመጣ፣ በመጨረሻም ከሥር ሆኖ ለሰዓታት የሚቆይ። ዐንበርና እንጨት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከሩቅ አይጣሩም። የሚያውቃቸው ቀርቦ የተቀመጠ ሰው ነው።

ዐንበር በቃሉ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ሶስት መቶ የሚሆኑ ሶሐቦች በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) መሪነት ወደ ባሕር ዳርቻ ዘምተው ስንቃቸው አልቆ ቅጠል እስከ መብላት ደርሰው ነበር። ያኔ ባሕሩ ‹ዐንበር› የሚባል ግዙፍ ዓሣ ጣለላቸውና ከእርሱ እየበሉ ቆዩ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የጥንቱ ዐንበር ሽቶም የሚገኘው ከዓሣ ነባሪ ሆድ ነው። ትኩስ ሳለ ሽታው የሚያስጠላ ነው። ከጨው ውሃ፣ ከፀሐይና ከማዕበል ጋር ለዓመታት ሲቆይ ነው ያ ውድ መዓዛ የሚወጣው። ሱብሓነላህ! ዛሬ በየሱቁ ‹አምበር› ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛው ከዓሣ የመጣ አይደለም። ከዛፍና ከቁጥቋጦ ሙጫዎች፣ ከቫኒላና ከመሰሎቹ ተቀምሞ ያንን ሙቀት እንዲመስል የተሠራ ነው።

አነስ (ረ.ዐ) ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ከእርሳቸው መዓዛ የበለጠ ዐንበርም ሆነ ሚስክ አሽትቶ እንደማያውቅ ነግሮናል። ይኸው አነስ ግን በእነዚያ ዐሥር ዓመታት አንድም ቀን ‹ኡፍ› እንዳላሉት፣ ለሠራው ነገር ‹ለምን ሠራህ?› ላልሠራውም ‹ለምን አልሠራህም?› እንዳላሉት ተናግሯል። ሁለቱን ንግግሮች አንድ ላይ ያዟቸው። መዓዛቸውን የሚመሰክረው ጠባያቸውን የሚመሰክረው ልጅ ነው። ቤት ውስጥ በቅርብ ሆኖ ያገለገለ ልጅ።

አሁን ወደ ወንድሜ ጥያቄ ልመለስ። ሽቶ ጠባይህን አይናገርም። ሽቶ ስለ ጠባይህ ቃል ይገባል። የዐንበር ሽቶ ተቀብተህ ሰው አጠገብ ስትቆም ‹እኔ የተረጋጋሁ ነኝ፣ ሞቅ ያልኩ ነኝ፣ ብትቀርበኝ አትጎዳም› ብሎ ስለ አንተ ቃል ይሰጣል። ቃሉን የምትሞላው ወይም የምታፈርሰው አንተ ነህ።

እኔ አፍርሼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ኪታቡንም ቀርቼ፣ ሰቆጣ ውስጥ ልጆች ማስቅራት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ሳዑዲ የሚሠራ አንድ ዘመዴ ያንን ሽቶ ላከልኝ። በሕይወቴ የነበረኝ ውድ ዕቃ እርሱ ብቻ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። በቁጠባ፣ ለጁሙዓ ብቻ ነበር የምቀባው። ሰዎች «ኡስታዝ፣ ምንድን ነው የተቀባኸው?» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ደስታው ግን ለሱናው ነበር ወይስ ለራሴ? ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

2014 ዓ.ም ነበር። ጦርነቱ ዋግ ኽምራን እንዴት እንዳደረጋት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ሰቆጣና ዙሪያዋ ተጠልለው ነበር። ከእነርሱ መካከል አንድ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ወደ መድረሳው መጣ። ዝምተኛ ነው። የሚቀራው ግን በጥሩ ድምፅ ነው።

አንድ ጁሙዓ ጠዋት ታጥቤ፣ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ፣ ሽቶዬን ተቀብቼ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ ተራ በተራ እየቀረቡ ያሰማሉ። የዚያ ልጅ ተራ ደረሰና አጠገቤ ተቀመጠ። የምድጃ ጭስና ላብ ሸተተኝ። አፍንጫዬን ያዝኩ። ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ «ምን ምን ትሸታለህ አንተ? ወደ ኋላ ሂድ። ታጥበህ ስትመጣ ትቀራለህ» አልኩት። ይህም አልበቃኝም። ጥሬ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው መስጂዳችንን አይቅረብ የሚለውን ሐዲሥ ጠቅሼ ትምህርት ሰጠሁ። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ሙስሐፉን አቅፎ ወደ ኋላ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም።

ከዐሥር ቀን በኋላ «ያ ልጅ የት ገባ?» ብዬ ጓደኞቹን ጠየቅኩ። አንዱ ልጅ ቀለል አድርጎ መለሰልኝ፦

«ኡስታዝ፣ እሱ እኮ ሳሙና እስኪገኝ ነው።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ወላሂ ብዙ ኹጥባ ሰምቻለሁ። የዚያን ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል የመታኝ የለም። እኔ ላንዲት የሽቶ ጠብታ ስጨነቅ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ቁርኣን ለመቅራት ሳሙና የሚጠብቅ ልጅ ነበር። እንዲጠብቅ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

የተጠለሉበት ድረስ ሄድኩ። አያቱን አገኘኋቸው። ልቆጣ የመጣሁ መስሏቸው ደነገጡና «ኡስታዝ፣ ልጁ ሰንፎ አይደለም» አሉኝ። «ውሃውም ሳሙናውም ሲገኝ እልከዋለሁ ብዬ ነው። ጭሱ ግን አይለቅም። የምንተኛው ምድጃው አጠገብ ነው።»

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ልጁ አባት አጫወቱኝ። በየበጋው ተከዜ ቆላ ወርዶ ዕጣን ሲሰበስብ ይከርም ነበር። «ሲመለስ ልብሱ ሁሉ ዕጣንና ጭስ ነው። ልጁ ገና በሩ ላይ ሳለ በጠረኑ ያውቀዋል፤ ሮጦ ይጠመጠምበታል» አሉኝ። ከተፈናቀሉ ወዲህ የአባቱ ወሬ አልደረሳቸውም።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሱናውን ተከትያለሁ ብዬ ነበር የማምነው። የሐዲሥ መጻሕፍቱን ገልጬ ስለ ጁሙዓና ስለ ሽቶ የመጣውን እንደገና አየሁ። አዲስ ነገር አላገኘሁም። የማውቀውን ነው ያገኘሁት፤ ግን አንብቤው እንዳላነበብኩት ገባኝ።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የጁሙዓ ትጥበት እንዴት እንደመጣ ነግራናለች። ሰዎች ከመዲና ዳርቻ መንደሮች በአቧራ ውስጥ ተጉዘው ለጁሙዓ ይመጡ ነበር። አቧራው ይለብሳቸዋል፣ ላባቸው ይወርዳል። ከእነርሱ አንዱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጣ። እርሳቸው አፍንጫቸውን አልያዙም። ከመስጂድ አላስወጡትም። ለዚህ ቀናችሁ ብትታጠቡ ምናለ የሚል ለስላሳ ምክር ነው የሰጡት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) በአቡ ዳውድ ዘገባ ነገሩን ዘርዝሮታል። ሰዎቹ በጉልበታቸው የሚሠሩ፣ በጀርባቸው የሚሸከሙ፣ ሱፍ የሚለብሱ ነበሩ። መስጂዱ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ቀኑ ሞቀ፣ ላባቸው ወጣ፣ ጠረኑ እርስ በርስ አስቸገራቸው። ያኔ ነው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ቀን ሲሆን ታጠቡ፣ ካላችሁት ቅባትና ሽቶ ጥሩውን ተቀቡ ያሏቸው።

አስተውሉ። ‹ካላችሁት› ነው። ግዙ፣ ተበደሩ፣ ተወዳደሩ አይደለም። ደግሞም ምክንያቱን አስተውሉ። የጁሙዓ ሽቶ የመጣው በላብ አደሮች መስጂድ ውስጥ ነው። ሸክም ተሸክሞ የዋለ ሰው ሌላ ሸክም ተሸክሞ ከዋለ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲሰግድ እንዳይቸገር ነው። ሽቶ የታዘዘልህ አጠገብህ ያለው እንዳይሸሽህ ነው። አንተ አጠገብህ ያለውን እንድትሸሽበት አይደለም።

እኔ ሱናውን ገልብጬው ነበር። ለማቀራረብ የመጣውን ለማራቂያ ተጠቀምኩበት። የሽንኩርቱን ሐዲሥም ያለቦታው አዋልኩት። ሽንኩርት ሰው መርጦ የሚበላው፣ ሊያቆየው የሚችለው ነገር ነው። ከምድጃ አጠገብ መተኛትን የመረጠ ልጅ ግን የለም። ሐዲሥ ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሐዲሡ ማን ላይ እንደሚውል ማወቅ ሌላ ነው። አላህ ዒልም የሰጠን ይመስለናል፤ አንዳንዴ የሰጠን ፈተና ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። ይህኛው ከእኛው አገር የተነሳ ስለሆነ ይበልጥ ይሰማኛል።

ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) የአቡ ሱፍያን ልጅ ናት። ከመካ ሸሽታ ወደ ሐበሻ የተሰደደች፣ ባሏ እዚሁ የሞተባት ሴት ናት። አስቡት፤ አባቷ በዚያን ጊዜ የሙስሊሞች ዋና ጠላት ነው። አገሯ መመለስ አትችልም። ባዕድ ምድር ላይ ብቻዋን ቀረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ ጠየቋት፤ ኒካሑን የፈጸመላት ነጃሺ ነው። ኢብኑ ሰዕድ ባስተላለፈው ዘገባ ነጃሺ የቤቱ ሴቶች ያላቸውን ሽቶ ሁሉ እንዲልኩላት አዘዘ። በማግስቱ ዑድ፣ ወርስ፣ ዐንበርና ዝባድ በብዛት ተላከላት። ይህን ይዛ መዲና ገባች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሆና ትቀባው ነበር፤ እርሳቸውም እያዩ አልከለከሏትም።

የሐበሻ ሴቶች ለስደተኛዋ ዐንበር ላኩላት። እኔ ደግሞ የእነዚያ ሴቶች አገር ልጅ፣ ያውም ሐዲሥ የቀራሁ፣ ዐንበር ተቀብቼ ተፈናቃዩን ልጅ ‹ትሸታለህ› አልኩት። የነጃሺ አገር ሰዎች ነን ብለን በኩራት እናወራለን። ኩራቱ ባልከፋ። ግን ነጃሺ የሚታወቀው ቤቱን ለመጣበት ሰው ባደረገው ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ።

አያቱን ይቅርታ ጠይቄ፣ የሚያስፈልገውን አቅሜ የፈቀደውን አድርሼ ተመለስኩ። ልጁ በማግስቱ መጣ። ይቅርታ ለብቻው ልጠይቀው አሰብኩ። ግን ያዋረድኩት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውን በጓዳ ማድረግ ፍትሕ አልመሰለኝም። ልጆቹ ሁሉ ባሉበት «ባለፈው ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሐዲሡንም በትክክል አላስተማርኳችሁም» አልኩ። የዓኢሻንና የኢብኑ ዐባስን ዘገባ ነገርኳቸው። ከዚያ ያንን ሽቶ ከኪሴ አውጥቼ ለመጀመሪያው ልጅ ሰጠሁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም በእጁ አንጓ ላይ ጠብ አደረገ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ሲሰጣቸው አይመልሱም ነበርና ማንም እንዳይመልስ አልኩ።

እርሱ ዘንድ ሲደርስ ጠብ አድርጎ ረጅም ጊዜ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ «ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ ዕጣን ነው» አለ።

ቤት ገብቼ ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩት። ከተዘረዘሩት ቅመሞች አንዱ ዕጣን ነበር። ለዓመታት ስቀባው አላወቅኩም። ያ ልጅ በአንድ ትንፋሽ አወቀው። የአባቱ ጠረን ነዋ።

እዚህ ላይ ስለ ዕጣኑ ትንሽ ልበል። ከተማ ያደጋችሁ ወጣቶች ዕጣን ከሱቅ የሚመጣ ሊመስላችሁ ይችላል። የአበርገሌና የዝቋላ ቆላ፣ የተከዜ ሸለቆ ድንጋያማ ተዳፋት የዕጣን ዛፍ አገር ነው። ሳይንሱ ዛፉን ቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ ይለዋል። ክረምቱ ወጥቶ ቅጠሉ ሲረግፍ ሠራተኛው ምንጋፍ በሚሉት ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱን ትንሽ ይልጠዋል። ዛፉ ከቁስሉ ነጭ ሙጫ ያወጣል። ሙጫው በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይለቅመዋል፣ ቁስሉንም ጥቂት ያሰፋዋል። በጋውን ሙሉ በዚያ ሙቀት፣ ከውሃ ርቆ፣ ከዛፍ ዛፍ እንዲህ እያለ ይከርማል። ከዚያ ዕጣኑ በመጠንና በቀለም እየተለየ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ ቻይና፣ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ከፊሉም በሚያምር ጠርሙስ ሆኖ ተመልሶ ይመጣልና እኛ በውድ እንገዛዋለን። አንዳንዴም ዛፉን የለጠውን ሰው ልጅ አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን።

ሌላ ትምህርትም አለው። ዛፉ በልኩ ከተነካ ይሰጣል፣ ቁስሉም ይጠግጋል። ያለ ዕረፍት፣ ያለ ልክ ከቆሰለ ግን ይደክማል፣ ዘሩ አይበረታም፣ ነቀዝ ይገባዋል፣ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በዚሁ ከቀጠለ የዚህ ዛፍ ዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አዲስ ችግኝ እያደገ አይደለም፤ ከብቱና እሳቱም ተጨምሮበታል። ዛፉ አማና ነው፤ ይህ ትውልድ ሊያስብበት ይገባል።

ሰውም እንደዚሁ ነው። ልጅን፣ ታናሽ ወንድምን፣ ተማሪን፣ ጓደኛን ማረም አለብን። እርማት ትንሽ ያማል፤ በልኩ ሲሆን መልካም ነገር ያወጣል። በሰው ፊት፣ በንቀት፣ ደጋግሞ የሚደረግ እርማት ግን ሥሩን ነው የሚያደርቀው። ተቆጥተን ‹ለዲኑ ብዬ ነው› የምንለው ስንት ጊዜ ነው? ለዲኑ ነው ወይስ ለራሳችን? ከመናገራችን በፊት አንድ ትንፋሽ ብንወስድ መልሱ ብዙ ጊዜ ይታወቀናል።

ደግሞ ይህንን አንርሳ። ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ አቧራ የለበሱ፣ ከበር የሚገፈተሩ ሰዎች አሉ፤ በአላህ ስም ቢምሉ አላህ መሐላቸውን የሚሞላላቸው። ይህን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ በሙስሊም ተዘግቧል። ሐጅ ላይም ኢሕራም የገባ ሰው፣ ሚሊየነርም ይሁን ደሃ፣ ሽቶ እንዳይቀባ ተከልክሏል። ሕይወታችንን ሙሉ ተሽቀርቅረን፣ ጌታችን ፊት በጣም በምንቀርብበት ቀን አቧራና ላብ ለብሰን እንድንቆም የተፈለገው ለምን ይመስላችኋል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሽቶውን ግዛው። አቅምህ ከፈቀደ፣ ከቤትህ ካላጎደልክ፣ ዕዳ ካልገባህበት ግዛው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ይወዱ ነበር፤ አንተም ብትወድ ያምርብሃል። ኒያህን ግን አስተካክል። ‹ዛሬ አጠገቤ የሚሰግደው ሰው እንዲመቸው› ብለህ ተቀባው። ይህች ኒያ ሽቶውን ዒባዳ ታደርገዋለች። ብዙ አትርጨው፤ ዐንበር አይጮህም፣ አንተም አታስጩኸው። እህቴ፣ አንቺም በቤትሽ፣ በቤተሰብሽ መካከል፣ በሴቶች ስብስብ ተቀቢ። ወደ መስጂድ ስትወጪ ግን ሽቶ እንዳትነኪ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ንጽሕናው ይበቃል፤ ምንዳሽም አይጎድልም።

ለዚህ ጁሙዓ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ እንታጠብ፣ ጥርሳችንን በሲዋክ እንፋቅ፣ ካለን እንቀባ። ይህ ሱና ነው፤ ‹ዋናው ልብ ነው› ብለን አንተወው። የሰውን አፍንጫ ማክበርም የልብ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽቶ ስንገዛ ሳሙና እናስብ። የአንድ ውድ ሽቶ ዋጋ ስንት ሳሙና እንደሚገዛ እናንተው አስሉት። በሠፈራችሁ፣ በመድረሳችሁ ሳሙና የሚጠብቅ ልጅ አለ። አይነግራችሁም። ዝም ብሎ ይቀራል እንጂ። ስለዚህ የቀረውን ‹ለምን ቀረ?› ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ሶፍ ላይ ስንቆም ከማን አጠገብ እንደምንቆም አንምረጥ። የቀን ሠራተኛው፣ እረኛው፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣው ሰውዬ አጠገባችን ሲቆም ትከሻችንን አናሸሽ። የጁሙዓ ሽቶ የመጣው ለእርሱና ለእኛ ነው።

መልካም ጓደኛ ሽቶ ሻጭን ይመስላል ብለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስለውልናል። ወይ ይሰጥሃል፣ ወይ ትገዛዋለህ፣ ቢያንስ መልካም መዓዛ ታገኝበታለህ። መጥፎው ጓደኛ ደግሞ ወናፍ እንደሚያናፋ ሰው ነው፤ ወይ ልብስህን ያቃጥላል፣ ወይ መጥፎ ጠረን ታገኝበታለህ። እኔ በዚያች ጁሙዓ ሽቶ ሻጭ መስዬ ወናፍ ነበርኩ። የሸተተው ልጁ አልነበረም።

ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ ትጠይቁኝ ይሆናል። ልጁ ከይቅርታው በኋላም ለብዙ ሳምንታት ወደ ኋላ ነበር የሚቀመጠው። «ና ወደ ፊት» ስለው ይመጣል፤ በማግስቱ ተመልሶ ወደ ኋላ ነው። ይቅር አላለኝም ማለት አይደለም፤ ይስቃል፣ ይቀራል፣ ይጠይቀኛል። ግን የተባለው ነገር ልብስ ላይ እንደቀረ ጭስ ቶሎ አልለቀቀም። አንድ ቀን ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ምንም አላልኩም። ያቆመበትን አንቀጽ አሳየኝና መቅራት ጀመረ።

ያ ሽቶ ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ሌላ አልገዛሁም። ከገዛሁም አንድ ቀን ያ ልጅ ይመርጥልኛል።

ያ አላህ፣ ላያችንን እንዳሳመርክ ውስጣችንን አሳምርልን። አንደበታችንን ከሚያቆስል ቃል ጠብቅልን። ያዋረድናቸውን ሰዎች በዱንያ ሳለን ይቅር የምንባባልበትን መንገድ ግራልን። የተፈናቀሉትን ወደ ቤታቸው መልስ፣ አባቶችን ከልጆቻቸው አገናኝ፤ ለዋግ፣ ለአገራችን በሙሉ ሰላም አውርድ። ደጋችንንም ቆላችንንም በዝናብህ አርጥብልን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን እንዳትረሱ፤ በነቢያችን ላይም ሰለዋት አብዙ። ወደ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ካያችሁ አጠገባችሁ ቦታ ክፈቱለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጁሙዓ ሙባረክ።